የገና እንግዳ በሰኔ

ይማርሽ ጀሪካኗን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ መታጠፊያው ላይ ከየኔታ ደግሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ሸክሟን አውርዳ ጉልበት ልትስም ስታጎነብስ፣ ታች መንገዱ ላይ የቆመ አይሱዙ አየች። ሞተሩ አልጠፋም።

"የኔታ፣ ያ መኪና ምን ሊጭን ነው?"

"ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር የሚያድሩትን ለማኞች። ኮን ከተማ ያደርሳቸዋል። ቅሬው መክሮበታል፤ የቀረው የእኔ ቃል ነው።"

የኔታ የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው። ቀብሩም፣ ለቅሶውም፣ እርቁም ያለ እሳቸው ቃል አይሆንም።

"ኮን ላይ ማን ይቀበላቸዋል?"

"እሱን የኮን ሰው ያውቃል።"

"ጥራጊ እንኳ የሚደፋው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ነው፣ የኔታ!"

ይማርሽን ፊደል ያስቆጠራት የለም። የኔታ ወንዶቹን ሲያስተምሩ ከግንቡ ጀርባ ተልባ እያበጠረች ሰምታ፣ አመድ ላይ እየጫረች ነው ያወቀችው። አክብሮቷ የእውነት ነው፤ ምላሷን ግን አላሳጠረላትም።

"አንቺ ምላሳም! እኔን ክፉ ልትይ ነው? በየገናው የተሳላሚ እግር የማጥበው ማን ነው? ምድር ቤቴን ለማን ብዬ ነው የማነጥፈው?"

"ለእንግዳ ነዋ! ከገና እስከ ገና ግን የሚያድርበት ቁልፍ ብቻ ነው።"

"እንግዳ መጥቶ ይሄዳል። እነዚህ ሥራ ጠልተው የቀሩ ናቸው። ያቺ እዚያው ቅጽሩ ሥር፣ በራፌ ላይ ልጅ ታቅፋ የምታድረው ምን አካሏ ጎደለ?"

"ሸጌን ነው? እግሯን ያጠቡት እርስዎ አይደሉ? በገና ከበሩ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ከበሩ ውጭ ናት።"

የኔታ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ ተዉ። "እኔ አጎንብሼ ነው የማጥብ። ፊቷን አላየሁም።"

"ለምን አልተመለሽም ብለው ጠየቋት?"

"እንግዳን ወዴት ትሄዳለህ ማለት ነውር ነው። ውጣልኝ እንደ ማለት ነው!"

"ይሁን። ከዚያ ወዲያስ?"

"ከለማኝ ጋር መንገድ ቆሜ ላወጋ?"

"እንግዲያው ስትከበር ነውር ሆነ፣ ስትናቅ ውርደት ሆነ፤ ሳትጠየቅ ልትጫን ነው።"

የአይሱዙው ጥሩምባ ጮኸ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ይማርሽ ጀሪካኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። የእኛ የሰፈሩ ሰዎች ደግነት በዓል ጠብቆ የሚከፈት በር ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ያው ሰው "የሰፈር ነቀርሳ" ይባላል። የተለወጠው ግን ቀኑ እንጂ ሰውየው አይደለም።

የኔታ ወደ ቅሬው ስብሰባ የሚወስደውን መንገድ ትተው ወደ ቤታቸው ወረዱ። በራፉ ላይ ሸጌ ልጇን አዝላ ጨርቋን ትቋጥራለች።

"የኔ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?"

"ሙጃ፣ አባቴ።"

"ምነው ሳትመለሽ ቀረሽ?"

"ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ ቤቱን ያዙት። ለገና ስመጣ መመለሻ አልነበረኝም። ያኔ ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር፤ እንግዳ ነኝ ብዬ አፈርኩ።"

"ሥራስ?"

"እፈትላለሁ። ግን ጥጥ ጭቃ ላይ አይፈተል፤ ቤት የሌላትንስ ማን ጥጥ ያምናታል?"

የኔታ ከማተባቸው ጎን የተንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥተው ምድር ቤቱን ከፈቱ። የታፈነ የሣር ሽታ ወጣ። "ግቢ፣ ዝናቡ ሳይደርስ።"

ስብሰባው ላይ የኔታ "አይጫኑም" ሲሉ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ነበሩ።

"ቢሰርቁንስ?"

"ጎረቤት ያለው ሰው ለመስረቅ ያፍራል፤ ጎረቤት የነፈግነው ማንን ይፈር?" አሉ የኔታ። "የገና እንግዳ ቤት ያለው ሁሉ ይክፈት። ቅሬያችን ሙት ለመቅበር ብቻ አልቆመም።"

ያጉረመረመው ብዙ ነበር፤ የከፈተውም አልታጣም። አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሸጌ የፈተለችው ማግ ሸማኔ ቤት ገባ። ቤት አግኝታ ነው ሥራ ያገኘች፤ እኛ ግን ስንፈርድባት የኖርነው ገልብጠን፣ ሥራ ጠልታ ቤት አጣች ብለን ነበር። ዛሬ የቅሬው አባል ናት፤ ሰው ሲሞት እንጨት ይዛ ከሚደርሱት አንዷ ናት። ቅጽሩም ሥር ጸዳ፤ ሰው ተጠርጎ ሳይሆን ሰው ገብቶ።

ገና ሲደርስ ሸጌ ማሰሮውን ይዛ ውኃ ታፈሳለች፣ የኔታ አጎንብሰው ያጥባሉ። ይማርሽ በር ላይ ቆማ ታያለች። የአንድ ሽማግሌ ተሳላሚ እግር አጥበው ሲጨርሱ የኔታ እንደ ልማዳቸው ወደሚቀጥለው አላለፉም። ቀና ብለው ፊቱን አዩት።

"ወንድሜ፣ በዓሉ ሲያልፍ የምትመለስበት አለህ?"