የተመታ ራሱ ይናገራል

እዚህ በስደት አገር፣ ከጀፕስታውን ወደ ቤኖኒ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ወጣትና አንድ ጎልማሳ በአማርኛ ያወራሉ።

«ይሄ ረጅም ቦርሳ ምንድነው ወንድሜ?»

«የጨዋታ ጠመንጃ ነው ጋሼ። ኤርሶፍት ይሉታል፤ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት ነው የሚተኩሰው። ከቢሮ ልጆች ጋር ልጀምር ነው።»

«እንዴት መረጥከው?»

«በጋዝ የሚሠራው ብርድ ላይ ይደክማል ሲሉኝ የባትሪውን ያዝኩ። ከሱ በፊት ግን የዓይን መከላከያ ነው ያስገዙኝ።»

«ሰው መመታቱ በምን ይታወቃል?»

«ጥይቷ ምልክት አትተውም። የተመታው ራሱ እጁን አንስቶ ተመትቻለሁ ይላል።»

«ዝም ቢልስ?»

«መጫወቱን ይቀጥላል። ግን ነውር ነው።»

«ከተናገረስ?»

«ዳር ወጥቶ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ዙር ይመለሳል።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታናሽ ወንድሜን ዳቬይተን ሰፈር ሱቃችን ውስጥ በጥይት ገደሉብኝ። ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናናዎት ጋሼ።»

«እናታችን መርዶው አልተነገራትም። በደወልኩ ቁጥር አገናኘኝ ትለኛለች። ደንበኛ ይዞታል እላታለሁ።»

«እስካሁን?»

«ትናንትም ብያታለሁ።»

«አገር ቤት ያሉት ዘመዶች አያረዷትም?»

«ታላቁ አንተ ነህ፣ ቀኑን አንተ ቁረጥ ብለውኛል። እኔ ግን ይኸው እጄን አላነሳሁም።»

እኔም ለእናቴ ያልነገርኳት ነገር አለ። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሯን ሳየው ቆየሁና፣ ሳልደውል መልሼ ኪሴ ከተትኩት።