ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞረው ማማ

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. መስከረም ሊወጣ ሲል፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ነዳጅ አጥቶ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ እዚያው ደባርቅ በአንድ ሱቅ በረንዳ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ትምህርቴ ከፊደል እስከ ዳዊት ነው፤ የቀረውን የተማርሁት ከሰው ክስ ነው። አውቶቡሱ ባይቀር ኖሮ የምነግራችሁ ሁሉ አይሆንም ነበርና፣ ነዳጁን ለጨረሰው ሰው ዛሬም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የሺወርቅ ነበረች፤ የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጅ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ። መጽሐፎቿን ታቅፋ ከበረንዳዬ ተጠለለች። ጥቂት ቆይተው፣ ከገደል አፋፍ ገብስ የሚያርሱት አያ ያርጋል መጡና ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ክስ ጻፍልኝ።»

«በማን ላይ?»

«በደምለው ላይ ነዋ! በማን ሊሆን ኖሯል?»

ደምለው ጎረቤታቸውም አበልጃቸውም ነው፤ ወንድ ልጁን ክርስትና ያነሱለት እሳቸው ናቸው። ቀኑንና አብዮታዊ ሰላምታውን ጻፍሁ፤ «ጉዳዩ» ብዬ ብዕሬን አቆምሁ።

«ማማ ሠራ በል። በገብሱ መሐል አራት ግንድ አቁሞ፣ ከላዩ ተቀምጦ ቤቴን ይሰልላል። አምና ማማው ከእኔ በአንድ ክንድ ቢበልጥ እኔ ሁለት ጨመርሁ። ዘንድሮ ደግሞ እሱ ሦስት ጨመረ። ፀረ አብዮት ነው በል።»

ያች ቃል በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ስትገባ አንድ ሰው ከቤቱ ይወጣ ነበር። ብዕሬ ቀለም እንቢ ያለኝ መስዬ አራገፍሁት። ደጋግሜ አራገፍሁት።

የሺወርቅ ቀና አለች። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና ልናገር። የእኔም ጥናት ስለዚሁ ነው።»

«ስለ ደምለው?»

«ስለ መንግሥታት። አንዱ መንግሥት ራሱን ለመጠበቅ ብሎ መሣሪያ ያበዛል። ጎረቤቱ ይህን ያይና ‹ለእኔ ነው› ብሎ እሱም ያበዛል። ሁለቱም የፈለጉት ደኅንነት ነበር፤ ያተረፉት ግን ፍርሃት ነው።»

«ይኸን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ ሄድሽ? አባትሽ ዜማ ቢያስተምሩሽ ይሻል ነበር።»

«ዜማው እንኳ ሞክረውኝ አልሆነልኝም። ለመሆኑ ማማ መጀመሪያ የሠራ ማነው?»

«እኔ። ለጭላዳ ዝንጀሮ ነዋ! መንጋውን አሰልፎ ከገደል እየወጣ ገብሴን ሲጨርሰው ዝም ልበል?»

«ለጭላዳ መሆኑን ለአቶ ደምለው ነገሯቸው?»

«ምኑ ይነገራል! ማማ ለጭላዳ መሆኑን የማያውቅ የስሜን ገበሬ አለ?»

«የእሳቸውስ ማማ ታዲያ?»

«የእሱ ሌላ ነው። ልቡን አውቀዋለሁ።»

«እሳቸውም የእርስዎን ልብ አውቃለሁ ይላሉ።»

የራሳችንን ማማ በሐሳባችን እንለካዋለን፤ የጎረቤታችንን ግን በቁመቱ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከጠረጴዛዬ ነው።

«እነዚህ መንግሥታት ሲጣሉ ዳኛቸው ማነው?» አሉ አያ ያርጋል።

«ከበላያቸው ዳኛ የለም። ጥናቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»

«ሽማግሌስ?»

«ቢኖርም የሚሰማው የለም።»

«ወይ ምስኪኖች!» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። ቀጥለው ግን ቆፍጠን አሉ። «እሺ፣ እኔ ማማዬን ባፈርስና እሱ ባያፈርስ? ሞኝ ሆኜ ልቅር?»

«ሊቃውንቱም የሚከራከሩት በዚሁ ነው፤ እኔም አያፍርሱ ነው የምል። የማማዎ ጎጆ በየት በኩል ነው ክፍቱ?»

«በደምለው ደጅ በኩል።»

«ጭላዳውስ በየት ይመጣል?»

«በገደሉ።»

«ገደሉ ደግሞ...»

«በጀርባዬ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «አምና ጭላዳው የገደሉን ጥግ እንዳለ በላው።»

በዚህ ጊዜ ከመሳቢያዬ አንድ ወረቀት አወጣሁ። «አያ ያርጋል፣ ይህን ይስሙኝና ልክ ከሆነ ይንገሩኝ። ‹ጎረቤቴ በማማው ላይ ሁለት ክንድ ጨምሮ፣ ፊቱን ወደ ደጄ አዙሮ ቤተሰቤን ይሰልላል፤ ልጆቼ ደጅ ለመውጣት ፈርተዋል፤ ፀረ አብዮት ስለሆነ ይያዝልኝ።›»

«ጎሽ! ልክ እንደ ልቤ! መቼ ጻፍኸው?»

«ቅዳሜ። ያጻፈኝ ደምለው ነው። ቴምብር ጠፋ እያልሁ አቆየሁት፤ ነገ ሊወስደው ይመጣል።»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እኔን? አበልጁን?»

«እርስዎስ?» አለች የሺወርቅ።

ከዚያ፣ ክስ ሊያጽፉ የመጡት ሰው «ምን ይሻላል፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁ።

«ቁመቱን አይንኩት። በአቶ ደምለው በኩል ያለውን ክፍት በሣር ይድፈኑት፤ በገደሉ በኩል ይክፈቱት። ‹አልሰልልህም› ብለው ቢምሉ ላያምኑ ይችላሉ፤ ሣሩን ግን ያዩታል። እሳቸው ምንም ባይመልሱ እንኳ ገብስዎ ይተርፋል።»

አያ ያርጋል ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። አውቶቡሱም ወደ ማታ ነዳጅ አግኝቶ የሺወርቅን ይዞ ወረደ።

በማግሥቱ ደምለው መጣ። ወረቀቱን ጠይቆኝ እጁን ሳይዘረጋ ቀረ። «ያርጋል ጎሕ ሲቀድ ማማው ላይ ሣር ሲያስር አየሁት። በእኔ በኩል ደፈነው። ምን ማለቱ ይሆን?»

«እኔ የማውቀው የሚጻፈውን ነው፤ ሂድና ጠይቀው» አልሁት።

ሄደ። ወረቀቱንም አልወሰደ፤ ያን ለት ምድጃዬ ውስጥ ገባ።

ኅዳር ላይ ሁለቱ አብረው መጡ። የደምለው ማማ ፈርሶ ግንዱ ለሁለቱም ጎተራ ሆኗል፤ የያርጋል ማማ ከወሰኑ ጫፍ ገደሉን እያየ ቆሟል። ተራ ገብተው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ያጭዳል። የገደሉ ጥግ ገብስ ከሦስት ዓመት ወዲህ ገና ዘንድሮ አውድማ ገባ። የክርስትና ልጁም በሁለቱ ቤት መሐል እንደልቡ ይመላለሳል።

«ለመሪጌታ ልጅ ደብዳቤ ጻፍልን» አሉኝ።

«የማን ስም ይቅደም?»

ተያዩ። ፍርሃት ያዘኝ፤ ጦርነት በዚህ ይጀመራል ሲባል ሰምቻለሁ።

«የእሱ ይቅደም» አሉ አያ ያርጋል።

«የለም፣ የእሳቸው!» አለ ደምለው።

በዚህም ተከራከሩ፤ ግን እንዲህ ያለ ክርክር በጠረጴዛዬ ላይ ሰምቼ አላውቅም ነበርና አላስቆምኋቸውም። በመጨረሻ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጎን ለጎን እንዲያትሙ ተስማማን።

ወረቀት በዚያ ዘመን እንደልብ አይገኝም። በመስከረም ቀኑንና ሰላምታውን ብቻ ጽፌ የተውሁትን አወጣሁ፤ ቀኑን አረምሁ። «ጉዳዩ» ከሚለው ፊት ያለው ቦታ ባዶ እንደሆነ ቆይቶኛል። «ምስጋናን ይመለከታል» ብዬ ሞላሁት።