ብረቱ ስለወለቀው ቤዝ ጊታር አናጢ ቢሻው የሰጠው ሁለተኛ ቃል

የቃል ሰጪው ስም፦ ቢሻው መለሰ
ዕድሜ፦ 59
ሥራ፦ አናጢ
አድራሻ፦ መካነ ሰላም ከተማ፣ ቀበሌ 02፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቀን፦ ማክሰኞ መጋቢት 29 ቀን 2001 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ምክትል ሳጅን በእውቀቱ ንጉሡ
ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የተሰጠ የምስክር ቃልን ስለማረም

እኔ ቃል ሰጪው ዓርብ መጋቢት 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ በዚሁ ጉዳይ ቃል ሰጥቼ ነበር። ያ ቃል ሐሰት ነው። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቻለሁ። የወረዳው ኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሱፍያን ይማም የመንግሥትን ጊታር ሸጦ በሌላ ተክቷል ተብሎ አሥራ አንድ ቀን የታሰረው በኔ ቃል ነው። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከዚያ በፊት እውነቱ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። በሐሰት ቃል ልከሰስ እንደምችል መርማሪው ነግረውኝ ገብቶኛል። ሰውነቴ ዝሏል፤ ባሳጥረው በወደድኩ፤ ነገር ግን ከሥሩ ካልተናገርኩት ለሚሰማው ሰው አይገባም።

ሱፍያንን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቱ ይማም፣ አላህ ይዘንለትና፣ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ ነበር። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ፣ ቀኑን አላስታውስም፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥቶ ከቤዝ ጊታር አንገት ላይ ብረት መንቀል ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ብረት የሚለው በአንገቱ አግድም በተርታ የተሰኩትን ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ለምን ይነቀላል ብዬ ብጠይቀው የቡድኑ ድምፃዊት ወ/ሮ እቴቴ አሻግሬ አንቺ ሆዬ ሲያዜሙ ድምፃቸው በሁለት ብረት መካከል የሚያርፍበት ቦታ እንዳለ፣ እሱ ግን ጣቱን የትም ቢያደርግ ድምፁን የሚወስነው ብረቱ በመሆኑ እሳቸውን መከተል እንዳልቻለ አስረዳኝ። ወ/ሮ እቴቴ በልምምድ መካከል ዘፈናቸውን አቁመው «ልጄ፣ አንተ በደረጃ ትወርዳለህ፤ እኔ የምወርደው በቁልቁለት ነው» ብለውታል። ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ። እኔ ከበርና መስኮት ሌላ ማሲንቆም እሠራለሁ። ማሲንቆ ብረት የለውም፤ ጣት ከቆመበት ድምፁ አለ። ስለዚህ ልጁ የሚለው ወዲያው ገባኝ።

መጀመሪያ የፈለገው መግዛት ነበር። በደጎሎ በኩል አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ልኮ አስጠይቋል። ያለ ብረት የተሠራ ጊታር በትእዛዝ ይመጣል፤ ዋጋው ግን የሱን የሁለት ዓመት ደመወዝ ይበላል ተባለ። ደሴም ሄዶ ሁለት ሱቅ ጠይቆ፣ አንደኛው ባለ ሱቅ ብረት የሌለው ጊታር የሚባል ነገር የለም፣ ተሰብሮብህ ይሆናል ብሎ መልሶታል። ጅዳ ያለችው እህቱ ፊርደውስ እኔ ልግዛልህ ብትለው እሺ አላለም። ሰው ቤት ወለል አጥባ ያገኘችውን በክር ላይ አላውለውም አለኝ። ይህን ያነሳሁት ልጁ የሰው ገንዘብ የሚመኝ እንዳልሆነ መርማሪው እንዲያውቁልኝ ነው።

በመጨረሻ ቀድሞ ይጫወትበት የነበረውን የቡድኑን ጊታር ለማስለወጥ ቆረጠ። ያ ጊታር ሁለት ብረት ወልቆበት፣ ክሩም እየተንጫረረ፣ በንብረት ክፍል ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሞ ነበር። ሱፍያን ለቡድኑ መሪ በቃል አመልክቶ «አስጠግነው» ተብሏል። መሪው አሁን ለሥልጠና ባሕር ዳር ናቸው። ጊታሩን ከንብረት ክፍል ኃላፊዋ ከወ/ሮ አልታየች ፈርሞ አውጥቷል። እኔ ወረቀት አለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ነበረብኝ። የሥራው አዲስነት ስቦኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በር ለገጠመ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይመጣለትም።

ቅዳሜ ጥር 16 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ሥራውን ጀመርኩ። የቢላ ጫፍ በከሰል እያጋልኩ ብረቱን አሞቅሁት፤ ካልሞቀ እንጨቱን ቦጭቆ ይወጣል። ከዚያ በጉጠት አንድ በአንድ ነቀልኩ። የቀሩት አሥራ ስምንት ነበሩ። የተከፈተውን ሃያ ስንጥቅ በወይራ ስንጣሪ በኮላ ሞላሁ፤ ሁለት ቀን አደረቅሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁ። የወይራው መስመር እንዲታይ ሆን ብዬ ተውኩት፤ ልጁ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ለማወቅ ዓይኑ ምልክት ይፈልጋል። ሃያው መስመር ዛሬም ይታያል። ጊታሩ በኤግዚቢት ተይዞ እዚሁ ስላለ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ረቡዕ ጥር 20 ቀን ሥራውን ልጨርስ ስል አንገቱን ከኋላ በኩል ዳበስኩት። በነጭ የዘይት ቀለም ኪ.ቡ. 014 የሚል ቁጥር ነበረበት። ቀለሙ ወፍሮ አብጧል። ብረት ያለው ጊታር ሲሆን እጅ ይቆማል፤ ብረት በሌለው ላይ ግን እጅ ወደ ላይ ወደ ታች መንሸራተት አለበት፤ አውራ ጣት እዚያ ጉብታ ላይ በደረሰ ቁጥር ይደናቀፋል። ስለዚህ ፋቅሁት። ሱፍያን በቦታው አልነበረም፤ ፋቅልኝም አላለኝም። ማታ ሲወስደው ጀርባውን ዳብሶ ምን አድርገህ ነው እንዲህ የለሰለሰው አለኝ፤ እኔም የእጄ ሙያ ነው ብዬ ኮራሁበት።

የመንግሥት ቁጥር መሆኑን አላወቅሁም ልል አልችልም። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. በቡድኑ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ከበሮና ጊታር ሁሉ ላይ በብሩሽ ቁጥር እንድጽፍ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። ጊታሩን የት ላይ እንደምጽፍ ሲቸግረኝ እንዳይታይ ብዬ ከአንገቱ ጀርባ ጻፍኩ። ሳልጠይቅ ጻፍኩ፤ ሳልጠይቅ ፋቅሁ።

ለየካቲት 29 የሴቶች ቀን በዓል አዳራሽ ውስጥ ሲለማመዱ ሱፍያን ጠርቶኝ ሄጄ ሰምቻለሁ። ወ/ሮ እቴቴ አንድ ዘፈን ሳያቆሙ ጨረሱ። ሲጨርሱ ወደ ልጁ ዞረው «አሁን አብረን ወረድን» አሉት። እኔ የዘፈን ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም በዚያ ሰዓት ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ መጋቢት 15 ቀን ወ/ሮ አልታየች ወደ ማሻ ተዛውረው ርክክብ ሲያደርጉ ተረካቢዋ ጊታሩን አልቀበልም አሉ። በወረቀቱ ላይ ያለው ባለ ሃያ ብረት፣ ቁጥር 014 ነው፤ ይሄ ብረትም ቁጥርም የለውም፤ የኛ አይደለም አሉ። በዚህ አልፈርድባቸውም። ወ/ሮ አልታየችም ንብረቱ በሳቸው ላይ ስለሚቀር ለፖሊስ አመለከቱ፤ በሳቸውም አልፈርድም። ሱፍያን ጊታሩ ያው ነው፣ ብረቱን የነቀለው ጋሼ ቢሻው ነው፣ ጠይቁት አለ። እውነት ተናግሯል። ቁጥሩ የት ሄደ ሲባል ግን አላውቅም አለ፤ ይህም እውነት ነው።

ዓርብ መጋቢት 18 ቀን ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ተጠርቼ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መርማሪው ገና «የመንግሥት ንብረት» ሲሉ የድሮው እስሬ ትዝ አለኝ። በ1973 ዓ.ም. የአናጢዎች ማኅበር አባል ሳለሁ አንድ ካርቶን ምስማር ጎደለ ተብሎ ሰባት ወር ታስሬያለሁ። ምስማሩ በኋላ ከዚያው ከመጋዘኑ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ሥር ተገኘ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔም ደረሰብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ስለዚህ የመጣልኝ ጊታር ቁጥር አልነበረበትም፣ ሱፍያንም የራሴ ነው ብሎኛል ብዬ ቃል ሰጠሁ። ሲናገሩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ልጁን ግን ከአበላሺነት ወደ ሌብነት ያወረደው ይህ ነው። የዚያኑ ዕለት ከ11፡00 ሰዓት በኋላ ያዙት። በኔ ላይ የተደረገውን እኔ በጎረቤቴ ልጅ ላይ አደረግሁ። አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልሠራሁም ማለት እችላለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ውሸት እያደር ከበደኝ። የሱፍያን እናት ወ/ሮ ኡምኩልሱም በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ስንቅ ይዘው በሥራ ቦታዬ ደጅ ያልፋሉ። እኔ ሲያልፉ ጎንበስ ብዬ መላግ እጀምራለሁ። የሚላግ እንጨት በሌለበት ቀን እንኳ መላጊያውን አነሳለሁ።

ትናንት ሰኞ ግን አላለፉም፤ ገቡ። አሰላሙ አለይኩም ብለው የማሲንቆ እንጨት በተከመረበት አጠገብ ተቀመጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የተናገሩት የሚከተለው ነው፤ በራሳቸው ቃል እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። «ጋሽ ቢሻው፣ ልጄ በአላህ ስም ይምላል፤ አልሰረቅኩም ይላል። አንቱ ግን አይዋሹም። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነዎት፤ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ሸይጣን አሳስቶት ይሆናል ብዬ እመን አልኩት። ጡቴን ይዤ ለመንኩት። ሐሙስ ለዳኛው አምናለሁ ብሎኛል።» ከዚያም ሐሙስ ሽማግሌ ሆኜ አብሬያቸው እንድሄድና መሥሪያ ቤቱን ይቅርታ እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ።

እኔም እሺ አልኩ። ሴትዮዋ መርቀውኝ ወጡ። ያ ምርቃት ከሰባት ወሩ እስር ይልቅ ጎድቶኛል። ልጁ ያላደረገውን አደረግሁ ሊል የተስማማው ዳኛ ፈርቶ አይደለም፤ እናቱ ከሱ ይልቅ እኔን ስላመኑ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጣሁ። የተነቀሉትን አሥራ ስምንት ብረቶች በወተት ዱቄት ጣሳ አስቀምጬአቸው ስለነበር አምጥቼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። በጊታሩ ላይ ካለው መስመር ጋር ቢለኩ ልክ ይሆናሉ። የንብረት ቁጥሮቹን የጻፍኩበት ወረቀትም በመሥሪያ ቤቱ ከነፊርማዬ ይገኛል። ሱፍያን ይማም ምንም አልሸጠም፤ ምንም አልተካም። ጊታሩ ያው ነው። ብረቱን የነቀልኩት በሱ ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩን የፋቅሁት በራሴ ነው፤ የዋሸሁትም በራሴ ነው። ለዚህ ጥፋት የሚጠየቅ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ። የወረዳውን የተማሪ ዴስክ የመሥራት ውሌ ሊሰረዝ እንደሚችልም አውቃለሁ፤ ይሰረዝ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኛለሁ። ወ/ሮ ኡምኩልሱም ዛሬ ቀደም ብለው ስንቅ ይዘው መጥተው ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስገባ አይቻቸዋለሁ፤ እሳቸውም ለይቅርታው ጉዳይ የመጣሁ መስሏቸው ተነሥተው እጅ ነሥተውኛል። ፊት ለፊት ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። ይህ ቃል ለኔ ሲነበብ የቢሮው በር ተከፍቶ ይነበብ። መርማሪው ፈቅደዋል።

ከንባብ በኋላ የተጨመረ፦ ቃሉ በሩ ተከፍቶ ከረፋዱ 4፡45 ሰዓት ጀምሮ በመርማሪው ተነበበልኝ። ስለ ቁጥሩ የሚናገረው ክፍል እንዳለቀ ወ/ሮ ኡምኩልሱም ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ያን ቦታ ድገሙት። እሱ ራሱ ያንብበው» ብለዋል። አንቱ አላሉኝም። ወረቀቱ ተሰጥቶኝ ያን ክፍል እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤያለሁ። ከዚያ በኋላ ስንቁን ይዘው ልጃቸው ወደታሰረበት ማረፊያ ክፍል ሄደዋል፤ የቀረው የተነበበው ለኔ ብቻ ነው።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ነው። የመጋቢት 18ቱ ቃሌ ተሰርዞ በሕግ ፊት ይህኛው እንዲያዝብኝም እንዲያዝልኝም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ቢሻው መለሰ (ፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን በእውቀቱ ንጉሡ (ፈርሟል)
መጋቢት 29 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5፡10 ሰዓት