የዴሙ አስተርጓሚ ቅናት

አቶ ጥዑመልሳን ዓርብ ዓርብ ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባል ሰፈር ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ለአገራቸው ልጆች የዐረብኛ ጽሑፍ እያነበቡ የሚያስረዱ፣ አንደበታቸው ጨዋ፣ ሆዳቸው ግን ቀናተኛ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ወደ ኦምዱርማን በሚሄድ አውቶቡስ፣ በአገሩ አጠራር ሀፍላ፣ ተሳፍረው ከሐምዲያ ጎን ተገጣጠሙ። ሐምዲያ እዚያው ካርቱም ተወልዳ ኮምፒውተር የተማረች ናት። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማና ስለ ሥራ የሚወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ በሁለት ቋንቋ የሚያሳይ ድረ ገጽ ልትከፍት መሆኑን ከሰሙ ወዲህ አቶ ጥዑመልሳን እንቅልፍ አጥተዋል።

"እስቲ ይዩልኝ ጋሼ፣ ነገ ኢንሻአላህ ይከፈታል" ብላ ስልኳን ሰጠቻቸው። "ገጹ በዐረብኛ ይመጣል። ከላይ ቋንቋ መምረጫውን ሲነኩት ያው ገጽ አማርኛ ይሆናል።"

አዩት። መምረጫው ላይ "አማርኛ" የሚለው ስም ራሱ በዐረብኛ ፊደል ተጽፏል። ዐረብኛ የማታነብ ሴት አማርኛውን ከየት ታገኘዋለች? ደስ አላቸው፤ ግን ትንፍሽ አላሉም። ቅናት የተማረውንም ሰው እንዲህ ያሳንሰዋል።

"እኔ እያለሁ ይህ ምን ያደርጋል፣ ልጄ? ስልክ እንደሆነ አይዞሽ አይል" አሉ።

"እውነትዎን ነው፣ አይልም። ግን እርስዎ የሚገኙት ዓርብ ነው። ካላክላ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራውን ሬሕማን ያውቋታል?"

"እንዴት አላውቃት? ከእኔ ሌላ ማንንም አታምንም።"

"እሱ ነው የጎዳት። ኢቃማ አድሱ የሚለው ማስታወቂያ ሰኞ ስልኳ ላይ ደረሳት። ከቤት የምትወጣው ጁምዓ ብቻ ስለሆነ እርስዎን ጠበቀች። ሲያነቡላት የማደሻው ቀን አልፏል። ወላሂ፣ መንገድ ላይ በፖሊስ ተይዛ ታስራ አደረች።"

አቶ ጥዑመልሳን ያን ዓርብ "ለምን ዘገየሽ?" ብለው እንደተቆጧት ትዝ አላቸው። መታሰሯን ግን አልሰሙም ነበር። አፈሩ። ሀፍላው ድልድዩን ሲሻገር ወደ እሷ ዞረው፣

"ሐምዲያ፣ አንድ ጉድለት አይቼ ደብቄሻለሁ፤ ቀንቼ ነው" አሉ። "እያንዳንዱ ቋንቋ ስሙ በራሱ ፊደል ይጻፍ። እንዲህ ከተውሽው ሬሕማ አታገኘውም።"

"ሁለቱንም ስለማነብ ልብ አላልኩትም። ያላ፣ አሁን ላስተካክለው" አለችና እዚያው ሠራችው።

ከዚያ ወዲህ እንደ ሬሕማ ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ማስታወቂያ በወጣበት ቀን፣ ባሉበት ቤት ሆነው ያነባሉ፤ ኢቃማቸውን ቀኑ ሳያልፍ ያድሳሉ፤ ውላቸውንም አውቀው ይፈርማሉ።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ የአቶ ጥዑመልሳን ደጃፍ ጭር አለ። ያ ቅናት እንደገና ሲቀሰቀስባቸው ሬሕማ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ምን ላንብብልሽ?" አሏት።

"ዛሬስ የሚነበብ የለኝም፣ ጋሼ። ሳምንቱን ሙሉ የሚያጫውተኝ ሰው አጥቼ ነው የመጣሁት።"