አዞውን ይተዉት፣ አጎቴ

ሌላው ሰው ብርድ ልብስ በሚያሰጣበት ጓሮ ቁልፍ ሠሪው ውሸት ያሰጣ ነበር። የስደተኞች መጠለያው ጓሮ በታጠበ ብርድ ልብስ ተጋርዷል። እሱም ሰሚ የሌለ መስሎት፣ ሚስቱን የተደፋ ባልዲ ላይ አስቀምጦ ነገ ለጥገኝነት መርማሪዋ የሚናገሩትን ያስጠናታል።

"አዞው አፉን ሲከፍት ጥርሱ እንደ መጋዝ! እኔ ደግሞ አንቺን በትከሻዬ፣ የስፌት መኪናሽን በጭንቅላቴ ተሸክሜ..."

"መኪናዬንማ ትተነው አይደል የወጣነው?"

"በታሪኩ ውስጥ አለ፤ አታቋርጪኝ!"

ከብርድ ልብሱ ማዶ ሳቅ ተሰማ። "ይህን ውሸትስ የትም ባገኘው አውቀዋለሁ!" እያለች አንዲት ወጣት ብቅ አለች። የእህቱ ልጅ ነበረች! ጦርነቱ ከበተናቸው ወዲህ ትኑር ትሙት አያውቅም። ሕግ የተማረች ናት፤ ቀድማቸው ተሰዳ አሁን አዲስ ገቢዎችን ታማክራለች።

ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ተጠያየቁ። ቁልፍ ሠሪው ግን እንባው ሳይደርቅ ወደ አዞው ተመለሰ።

"አጎቴ፣ እንደው አዞ ምን አመጣው? ያ ወንዝ እኮ በበጋ ዶሮም ይሻገረዋል።"

"አየሽ ልጄ፣ ትምህርት ደግ ነው፤ አንቺን ግን ሞኝ አድርጎ አስቀረሽ። መርማሪዋ 'ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ' ሲሏት ስትውል ጆሮዋ ዝጓል። የዛገ ቁልፍ በዘይት ይላወሳል፣ የዛገ ጆሮ ደግሞ በአዞ።"

"እውነቱን ቢነግሯትስ?"

"የእኔ እውነት ያሳፍራል! አንድ ጥይት አልተተኮሰብኝ፣ አንዲት ጭረት የለብኝ። 'ፈራሁና ወጣሁ' ልበል?"

"እሱኑ እኮ ነው የሚፈልጉት! ሕጉ ጠባሳ አይቆጥርም። ቢመለሱ ምን ያገኝዎታል፣ ከማን፣ ለምን እርስዎን፣ ነው የሚለው። አዞ ሰውን በዘሩም በሃይማኖቱም በአቋሙም አይለይም፤ ያገኘውን ነው የሚበላ። ከአዞ ያመለጠ ሰው ዋናተኛ ነው እንጂ ስደተኛ አይባልም።"

ሚስቱ ባልዲው ላይ ሆና በሳቅ ፍርፍር አለች። እሱ ገላመጣት።

"ደግሞም የሚጠየቁት ለየብቻ ነው። እርስዎ በአንድ ክፍል፣ እትዬ በሌላው። የሁለታችሁ ቃል ካልገጠመ 'አይታመኑም' ይባልና እውነታችሁም ከውሸቱ ጋር አብሮ ይጣላል። ከዚያ በመጣችሁበት መመለስ ነው።"

ይህን ለቁልፍ ሠሪው ማንም አልነገረውም ነበር። በመጡበት መመለስ ማለት ወዴት እንደሆነ ከእሱና ከሚስቱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

"እንሞክረው" አለችና የእህቱ ልጅ አክስቷን ከብርድ ልብሱ ማዶ ወስዳ በሹክሹክታ ጠይቃት ተመለሰች። "አዞው የቱን እግርዎን ነው የነከሰዎት?"

"ቀኙን!"

"እትዬ ግራውን ብለዋል። ርዝመቱስ?"

"ሃያ ክንድ!"

"እኔ ሦስት አልኩ፤ ለአንተው አዝኜ ነው!" አለች ሚስቱ ከማዶ።

"አንቺ ሴት! አዞዬን እንሽላሊት አድርገሽ ልታስመልሺን ነው?"

"እሺ፣ አሁን ደግሞ ያለ አዞ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የመጨረሻ ያደረጉት ነገር ምንድን ነው?"

ቁልፍ ሠሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ምላሱ እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

"የሰፈሩ ሰው ይጠፋብኛል እያለ ትርፍ ቁልፉን እኔ ጋ ያኖር ነበር" አለ። "ሰፈራችንን የያዙት ታጣቂዎች ይህን ሰሙ። 'ነገ ሁሉንም ታመጣለህ፣ የየትኛው ቤት እንደሆነም ታሳየናለህ' አሉኝ። ሰው በሩን ቆልፎ ልጆቹን ይዞ እንደተደበቀ አውቃለሁ። 'እሺ ጌቶቼ' ብዬ ሸኘኋቸውና ቁልፎቹን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኳቸው። የመጨረሻው ጠብ ሲል እስክሰማ ቆሜ ቀረሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እሷ እየጎተተች አወጣችኝ። እጅጌዬ ተተረተረ።"

"እትዬም 'ጉድጓዱ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ቢቆምብኝ እጅጌውን ቀደድኩበት' ነው ያሉኝ። ማን አስጠናችሁ?"

"ማን ያስጠናናል!"

"አዩ አጎቴ? 'ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል' የሚባለው ለዚህ ነው። እርስዎ ቢመለሱ እነዚያ ሰዎች አይለቁዎትም፤ ለምን እንደማይለቁዎትም አሁን ነገሩኝ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ? የማያውቁትን 'አላውቅም' ይበሉ። አስተርጓሚው ከሳተ ያስቁሙት። ከደከመዎት ዕረፍት ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።"

በማግስቱ ቁልፍ ሠሪው መርማሪዋ ፊት ተቀምጦ ሁሉንም እንደሆነው ተናገረ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሊወድቅ ነበር። "ወንዙን እንዴት ተሻገሩ?" ብላ ስትጠይቀው አዞው ከምላሱ ሥር አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ቁልፍ ሠሪው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጦ ጥቂት ታገለ።

"ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር" አለ። "ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ።"

አዞው ተቀይሞ ሰጠመ።

ሳምንታት አልፈው መልሱ ሲመጣ የነገረቻቸው የእህቱ ልጅ ናት፦ ተቀባይነት አግኝታችኋል፤ የሚመልሳችሁ የለም፣ ሠርቶ መብላትም ተፈቅዶላችኋል። ከዚያ ወዲያ ታሪክ ሊዋስ የሚመጣውን የመጠለያ ሰው ሁሉ ቁልፍ ሠሪው "የራስህን ይዘህ ግባ!" እያለ ይመልስ ጀመር። እውነት እንደሆነ ባልና ሚስትን አያጣላም፤ ከኋላ የተሰለፈውንም አያስጠረጥርም። የተጋነነ ነገር የሰማች መርማሪ የሚቀጥለውን ምስኪን በጎሪጥ ታየዋለች፤ ቀጥተኛ ነገር የሰማች ግን ጆሮዋ ለሁሉም ይከፈታል። አገር አልባ ሰው ከቃሉ መታመን ሌላ ምን መያዣ አለው?

ሚስቱ ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር የምትተኛው። የምሥራቹ በመጣ ቀን ግን ገና በቀትር አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብላ ማሰሪያውን ፈታች፣ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ገፋችና ጥቅልል ብላ ተኛች። ቁልፍ ሠሪው ወሬውን ለጎረቤት ሁሉ ሊዘረግፍ ወጥቶ ነበር። ተኝታ ሲያያት ግን ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ የሚያልፈውን ሁሉ "ቀስ በሉ፣ ተኝታለች" ሲል ዋለ።