ጋሽ ተሰማ የሳሉት የጀልባ ብረት

ላንጋኖ ላይ የምነዳት ትንሽ የሸራ ጀልባ አለችኝ። ከሆዷ ሥር ወደ ውሃው የሚገባው፣ ንፋስ እንዳይገለብጣት የሚይዛት ብረት ዛገብኝ። ዘመድ ልጠይቅ ሞላሌ ስሄድ ይዤው ሄድኩና፣ የአካባቢውን ማረሻ ሁሉ ለሚሠሩት ለጋሽ ተሰማ ሰጠኋቸው። "ምን ያደርጋል?" ሲሉኝ፣ "ውሃ ውስጥ ገብቶ ከጀልባዋ ጋር ይሄዳል" አልኳቸው።

በማግስቱ ብመለስ ዝገቱ ጠርቷል፣ የተበላው ተጠግኗል፤ ጫፉ ግን እንደ ማረሻ ሾሏል! "ምነው ጋሼ፣ ይሄ እኮ አያርስም!" አልኩ። ወናፋቸውን ሳይተዉ፣ "ታዲያ ደንዞ እንዴት ሊገባ ነው?" አሉኝ። ላንጋኖ ስመለስ እንዳለ ገጠምኩት፤ ጀልባዋም ደህና ናት። ጋሽ ተሰማ ግን ክረምት ሊገባ ሲል ሁሌ ይደውሉልኛል፤ "ምነው ዘገየህ? ገበሬው ሁሉ ማረሻውን አስሎ ጨረሰ፤ ያንተ ብቻ ነው የቀረው።"