በጥጃዋ አንገት የታሰረው የጨጓራ መድኃኒት

የምስክሯ ስም፦ ጉያቱ ጃርሶ
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ሊበን ወረዳ፣ ከነጌሌ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ከኦሮምኛ ያስተረጎመችው፦ ወ/ሮ ፈርሃና ዩኑስ

ሟች አብዱባ ባለቤቴ ነው። ከሳሹ ዶዮ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ዓብዱሰመድ ለባሌ የማይሠራ የጨጓራ መድኃኒት ሸጠዋል ተብለው መታሰራቸውን አውቃለሁ። እኔንም መስክሪ ብሎ ያመጣኝ ዶዮ ነው፤ እመሰክራለሁ።

ታኅሣሥ 24 ቀን ሐኪም ለባሌ የጨጓራ ቁስለት አለብህ ብሎ ስለጻፈለት አብረን ሄደን ሦስት ዓይነት መድኃኒት ገዛን። አቶ ዓብዱሰመድ ሳይሰለቹ አስረዱን። ሕመሙ ቢተውዎትም አስራ አራቱን ቀን ይጨርሱ፣ ለሌላ ሰው አያካፍሉ አሉት። ባሌ አራት ቀን እንደወሰደ ሕመሙ ተወውና ድኛለሁ አለ። በአምስተኛው ቀን፣ ድርቁ ከአስራ አንድ ከብት ያስተረፈልን አንዲት ጥጃ ተቅማጥ ይዟት ወደቀች። ባሌ ቀይና ቢጫውን እንክብል እየከፈተ ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ያጠጣት ጀመር። ተቆጣሁት። "ለሰው አታካፍል አለኝ እንጂ ለጥጃ መች አለኝ?" ብሎ ሳቀብኝ። እስኪያልቅ አጠጣት። ንዴቴ አልወጣልኝ ስላለ፣ መድኃኒቱ የት እንደገባ ሰው ሁሉ ይየው ብዬ ባዶ ቅርፊቶቹን በክር ሰክቼ አንገቷ ላይ አሰርኩ። በዚህም ሳቀ። ጥጃዋ በሳምንቷ ተነሥታ ቆመች።

ጥር 29 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ባሌ ደም አስታወከ። አይሱዙ ለምነን ጫንነው፤ ነጌሌ ሳንደርስ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ዶዮ መጥቶ የወንድሜ ናት ብሎ ጥጃዋን ነዳት። ለአራት ልጆቼ ነገ አድጋ የምትታለብም የምትሸጥም ሌላ የለችኝም። አንገቷ ላይ ያለው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት። በማግስቱ አቶ ዓብዱሰመድን ከሰሰ። እኔን ደግሞ "ካሳ ይከፍለናል፤ አንቺ የጥጃዋን ነገር እንዳታነሺ" አለኝ።

መድኃኒቱ ይሠራል። የዳነችው ጥጃ ዶዮ በረት ውስጥ አለች። ዝናብ ስላልጣለ ቅርፊቶቹ አልሟሙም፤ ዶዮ ካልበጠሳቸው አንገቷ ላይ ናቸው። እሱ አሁን በር ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ወደ ቤት የምመለሰውም ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ እኛ ሳንደርስ ቀድማችሁ ሂዱና እዩ።

ከላይ የሰፈረው ቃል በኦሮምኛ ተነቦልኝ፣ ያልኩት ሁሉ እውነት መሆኑንና ማንም እንዳላስገደደኝ በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ ____________
አስተርጓሚ ፈርሃና ዩኑስ (ፊርማ) ____________
ቃሉን የተቀበለው ረ/ሳጅን ደሳለኝ (ፊርማ) ____________